በድንችሽ የሠራነው እራት

ሐምሌ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.
አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ

ይድረስ ለእናቴ፤

እማ፣ እንዴት ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽ ዳገቱን እንዴት ይዞታል? ጭጋጉ ሲወርድ እንደ አምናው ደረትሽን ያፍንሻል ወይስ ወንድሜ ዮናስ ያመጣልሽ መድኃኒት ረዳሽ? ላሟስ ወለደች? ያ በነፋስ የዘመመው የቀርከሃ አጥር ቆመ? አንዱን ስጠይቅሽ ሌላው ይመጣብኛል፤ አፌ እንደሆነ ታውቂዋለሽ፣ ካንቺ የወረስኩት አይደል። እኛ ደህና ነን። ባሌ ጋሻዬ ጋራዡ ውስጥ ከብረትና ከዘይት ጋር ሲታገል ይውላል። ኑሃሚን የሆቴል ሙያ ትምህርቷን ልትጨርስ አንድ ዓመት ቀርቷታል፤ ቁመቷ እኔን አልፎ አንቺን ሊያክል ነው። እኔም ወፈር ከማለቴ በቀር ምንም አልሆንኩ። እዚህ ቆላው ሐምሌም ሆኖ ይሞቃል። ያንን ብርድሽን በጆንያ ቋጥረሽ ብትልኪልኝ ምን ነበረበት እላለሁ።

ጋሽ ዳምጤ፣ ለእርስዎም ጤና ይስጥልኝ። መነጽርዎን አድርገዋል? ይህንን ወደ ቋንቋችን እየመለሱ ሲያነቡላት አደራ እንዳያሳጥሩብኝ። ያለፈውን ጊዜ ሦስት ገጽ ሙሉ ጽፌ «ደህና ነኝ ትላለች፣ ሳሙና ልካለች» ብለው ጨረሱት አሉ። ዮናስ ነግሮኝ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ፤ ዛሬ ግን አልስቅም። አስተማሪ ነበሩና አደራ ምን እንደሆነ ያውቃሉ። ለጊዜው በሩን ገርበብ ያድርጉትና አጠገቧ ይቀመጡ።

እማ፣ ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትይ ይሆናል። ስልክ ላይማ አንቺን ማን ይችልሻል! እኔ ወሬውን ገና ስጀምረው «እሺ፣ እሺ፣ ካርድሽ አለቀ» ብለሽ ጆሮዬ ላይ ትዘጊዋለሽ። ደብዳቤ ጆሮ ላይ አይዘጋም። ቢበዛ ምድጃ ውስጥ ይጣላል፤ እሱንም ጋሽ ዳምጤ ሳይጨርሱት አትጥዪውም ብዬ ነው።

ነገሩ የጀመረው በድንችሽ ነው። ዮናስ አይሱዙውን ደጃፌ ላይ አቁሞ ጆንያውን ሲያወርደው፣ ገና አፉ ሳይፈታ ያ የእርጥብ አፈር ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። እመኚኝ፣ አርባ ሰባት ዓመቴን ረስቼ ጆንያው ላይ ጎንበስ ብዬ አሸተትኩት። ዮናስ «እህቴ አበደች» እያለ ይስቃል። እኔ የታየኝ ቤታችን ነው። ዝናቡ ጣሪያው ላይ እየወረደ፣ ከበስተጀርባችን ከብቶቹ እየተነፈሱ፣ አንቺ እንዝርትሽን እያሾርሽ፣ አባዬ ሸማው ላይ ጎንበስ ብሎ መወርወሪያውን ወዲያ ወዲህ ሲያደርግ፣ እኔ ደግሞ አመዱን በእንጨት እየጫርኩ ድንች ስፈልግ። ታስታውሻለሽ? አውጥተሽ ከእጅ ወደ እጅ እያቀያየርሽ እፍ፣ እፍ ትዪውና ለሁለት ትሰብሪዋለሽ። ውስጡ እንደ ጥጥ ፍክት ይላል። ከዳጣ ጋር አፌን አቃጥሎኝ ሳለቅስ «ልቅሶሽ ከጠገብሽ በኋላ ይሁን» ትዪኝ ነበር። ስንት ነገር በላሁ ከዚያ ወዲህ፣ ያን የሚያህል አልበላሁም።

ድንቹን ዘርግፌ ስጨርስ ዮናስ እንደ ሁልጊዜው አቀርቅሮ መልእክትሽን ነገረኝ። «ጆንያውን ባዶውን መልሺ» ብለሻል።

እማ፣ ሰው ዕቃ ባዶውን እንደማይመልስ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ጎረቤት ቅል ሙሉ ወተት ስትልክልን ቢያንስ አንድ ጭብጥ ገብስ ሳታደርጊበት መልሰሽ አታውቂም። እኔ ግን ሃያ አራት ዓመት ሙሉ የእናቴን ጆንያ አራግፌ፣ አጥፌ፣ ባዶውን እልካለሁ። ያዘዝሽኝ አንቺ ነሽና።

ጋሻዬን አገባለሁ ያልኩሽ ቀን እንዝርቱ ከእጅሽ ወደቀ። «የሸክላ ሠሪዋን ልጅ?» አልሽኝ። ድምፅሽን ከፍ እንኳን አላደረግሽም፤ ብትጮሂብኝ ይሻለኝ ነበር። ከልጅነት አልፍቅሽም፣ ከቤትሽ ግን ውሃ አልቀምስም አልሽ። ያልሽውንም አደረግሽ። ኑሃሚንን የወለድኩ ጊዜ ያን ሁሉ ቁልቁለት በእግርሽ ወርደሽ መጣሽና ግቢያችን ማንጎ ሥር ቆምሽ። ሕፃኗን አቅፈሽ ሳምሻት፣ መረቅሻት፣ በነጠላሽ ጫፍ ቋጥረሽ ያመጣሽውን ቆሎ እየቆረጠምሽ ዋልሽ። ደጃፉን ግን አላለፍሽም። ሆስፒታል ለዓይንሽ የመጣሽ ጊዜም እንደዚያው። ከእኔ የምትቀበዪው ፋብሪካ ያሸገውን ብቻ ነው፤ ስኳር፣ ሳሙና፣ ጨው። እጃችን የነካውን አይደለም። አልፈርድብሽም፤ አንቺም ከእናትሽ የተቀበልሽው ነው። ግን ደግሞ አንድ ነገር ከዓይኔ አልጠፋ ይለኛል። ትንሽ ልጅ ሆኜ ገበያ ይዘሽኝ ስትወጪ ድስት የምትገዢው ከማን ነበር? ከጋሻዬ እናት ከእማማ ዘቢደር አልነበረም? ድስቱን አንስተሽ በጥፍርሽ መታ መታ ታደርጊና ጆሮሽን ታስጠጊያለሽ። ሴቶቹ ሲስቁብሽ «ይሄ ድምፅ የዘቢደር ነው፣ የሌላው ሰው እንዲህ አይጮህም» ትዪያቸዋለሽ። ከዚያ ዋጋውን በእጃቸው አትሰጪም፤ ድንጋይ ላይ ታስቀምጪላቸዋለሽ፣ እሳቸውም ከድንጋዩ ላይ ያነሳሉ። እኔ ያኔ ጨዋታ ይመስለኝ ነበር።

ይኸው ስማቸውን ጻፍኩት። ላንቺ በጻፍኩት ደብዳቤ ሁሉ የእማማ ዘቢደርን ስም ስጽፍ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ አምስት ዓመት ከእኛ ጋር ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል፣ ሸክላውን ትተዋል። ጣታቸው ግን አሁንም ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ሳሙናም ቢያገኙ ያድቦለቡሉታል።

አሁን ወደ እራቱ ልምጣ። የሐዋርያት ፆም በተፈታ ማግስት፣ እሑድ ሐምሌ 6 ነው። ኑሃሚን ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ገና ነጠላዬን ሳላወልቅ፣ ዛሬ ወጥ ቤቱ የእኔ ነው፣ ኞኪ ነው የምሠራላችሁ አለች። ኞኪ ማለት፣ እማ፣ የጣሊያን ምግብ ነው። ድንች ተቀቅሎ፣ ትኩሱን ይደፈጠጥና፣ ከዱቄትና ከእንቁላል ጋር ተለውሶ፣ በአውራ ጣት ልክ ይቆራረጣል። ከዚያ ውሃ ላይ ይጣላል፤ ሲበስል ራሱ ይንሳፈፋል። መጨረሻ ላይ በመጥበሻ ከሥጋና ከቲማቲም ጋር ጠበስ ይደረጋል። ትምህርት ቤት አስተምረዋት ነው። ጋሻዬ ወንበር ስቦ ተቀምጦ ሲያያት ቆየና፣ ይሄማ ኩርኩፋ ነው፣ ትምህርት ቤት ገብቶ ስሙን ቀየረ እንጂ አላት። እውነቱን ነው እኮ፤ የበቆሎ ሊጥ አድቦልቡለን ከሽፈራው ቅጠል ጋር ከምንቀቅለው በምን ተለየ? እሷ ግን ተቆጣች። አባዬ፣ አንተ ከፒንሳ ሌላ የምታውቀው የለም አለችው።

እኔን እንድልጥ፣ እንድቀቅል አስቀመጠችኝ። ድንችሽ ሲፈላ ቤቱ ሁሉ አንቺን ሸተተ። ከዚያ ሊጡን አቡኪ አለችኝ፤ እኔም እንደማውቀው እንደ ዳቦ ሊጥ ጨብጬ ስደበድበው ልጅቷ ጮኸች። እማዬ ገደልሽው! ኞኪ አይመታም፣ ድንጋይ ይሆናል አለች። ለማልቀስ ምንም አልቀራትም። ሊጡ እጄ ላይ ተጣብቆ እንደ ጓንት ሆነ። ዮናስ በሚቀጥለው ቀን ማለዳ ሙዝ ይዞ ወደ ላይ ሊወጣ ከእኛ ጋር ሊያድር መጥቶ ነበርና፣ እህቴ ለጋሻዬ ጎማ ልትለጥፍለት ነው እያለ ይስቅብኛል። አዎ፣ ዮናስ ከእኛ ቤት ይበላል። ዓመታት ሆነው። ይኸንንም አሁን ተናገርኩ፤ አትቆጪው።

ታዲያ እማማ ዘቢደር ጥግ ላይ ተቀምጠው ያዳምጡ ነበር ለካ። እስቲ ስጡኝ አሉ። ድምፁን ስሰማው ጭቃ ነው፣ ያላወቁት ሰዎች የያዙት ጭቃ አሉ። እጃቸውን እስከ ክርናቸው ታጥበው ገበታውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። እማ፣ ብታዪ! አልመቱት፣ አልጨበጡት፤ ብቻ በመዳፋቸው ግርጌ ገፋ፣ ሰብሰብ፣ ገፋ፣ ሰብሰብ። ዱቄት ጨምሪ፣ በቃሽ፣ ትንሽ ጨምሪ ይላሉ ሳያዩ። ኑሃሚን በግራም የተጻፈ ወረቀት ይዛ ትከራከራለች። እሳቸው ምን አሏት? ሊጥም ጭቃም ሲጠግብ ጣትሽን ይለቅሻል፣ ወረቀቱን ምን ትጠይቂዋለሽ። እውነትም ለቀቃቸው። እጃቸው ንጹሕ ሆኖ ወጣ።

ሌላ ደግሞ አለ። እያንዳንዱ ቁራጭ በሹካ ጀርባ እየተንከባለለ መስመር ይወጣለታል፤ ስጎው እንዲይዝለት ነው ትላለች። እማማ ዘቢደር ሹካውን ቢይዙት ቢይዙት አልሆነላቸውም። ይህቺ ጣት ለዚህ አልተፈጠረችም ብለው ኑሃሚንን ከጓሮ የተፈለፈለ የበቆሎ ቆረቆንዳ አምጪልኝ አሏት። ታጥቦ መጣላቸው። ቁራጯን ሊጥ ሥሩ አድርገው አንዴ ዘወር፤ በቃ፣ ያ የድስታቸው አፍ ላይ የምናውቀው ጥቃቅን ነጠብጣብ መስመር ወጣ። አንዱን፣ ሁለቱን፣ መቶውን። ጋሻዬ ቀልዱን አቁሞ ያያቸው ነበር። ልጅ ሆኖ አጠገባቸው ሲቀመጥ ድስት አፍ ላይ እንዲህ ሲያደርጉ ያየው ትዝ ብሎት ይሆናል።

ሊጠበስ ሲል መብራት ሄደ። ልማዱ ነው። የኑሃሚን መጥበሻ ለኤሌክትሪኩ ነው እንጂ ከሰል ላይ ሲጥዱት አንዱ ጎኑ ያራል፣ አንዱ ጥሬ ይቀራል። ያን ጊዜ እማማ ዘቢደር ከአልጋቸው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አስወጡ። ዝርግ የሸክላ ድስት ከነክዳኑ። ዓይናቸው ሳይደክም መጨረሻ የሠሩት ነው። ለምን እንዳስቀመጡት ነግረውን አያውቁም፣ እኛም ጠይቀን አናውቅም። ቅቤ ነካ አድርጌበት ከሰል ላይ ጣድኩት። ሽንኩርቱ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ የተከተፈው ሥጋ፣ ከኩልፎ ወንዝ ማዶ የመጣው ቲማቲም፣ ከላይ እንደ ጎመን አንድ እፍኝ የሽፈራው ቅጠል፤ ያ በወረቀቱ ላይ የለም፣ የእኔ ነው። ጨው ልጨምር ስል ሁሉም በአንድ ድምፅ ተዪ አሉኝ። አንቺ ብቻ አይደለሽም፣ እዚህም ጨው ታበዢያለሽ ይሉኛል። እማማ ዘቢደር በሦስት ጣት ቆንጠር አድርገው በተኑበት። ከዚያ ኞኪው ገባ። ሥሩ ጠጠር ብሎ ቡናማ ሲሆን፣ ውስጡ ግን ለስላሳ ነው፤ አይብ ፈርፈር አደረግንበትና ድስቱን መሐል አስቀምጠን ዙሪያውን ተቀመጥን።

እማ፣ ያን ጣዕም እንዴት ልጻፈው? አንዱን አፌ ውስጥ ሳደርገው ከላይ አዲስ ነገር ነው፣ ሥጋና ቲማቲም። ስነክሰው ግን ውስጡ ያ አመድ ውስጥ የተቀበረው ድንች ነው። አባዬ ሸማው ላይ ተቀምጦ ነበር እዚያ ውስጥ። እንባዬ መጣ፣ ልጄ አልጣፈጠሽም? አለችኝ። እማማ ዘቢደር ቀስ ብለው አላመጡና፣ ይሄ ድንች ብርድ የበላ ነው፣ የቆላ አይደለም፣ የማን ነው? አሉ። ነገርኳቸው። ከዚያ «እናትሽ አምስት ዓመት ሙሉ ሳታውቅ ስትመግበኝ ኖራለች ማለት ነው» አሉ። መብራትም መጣ፣ የጎረቤት ልጆች አጨበጨቡ፣ ወሬው ተቀየረ።

እዚህ ላይ ነው ጥፋቴ የሚመጣው። ጋሽ ዳምጤ፣ ቀስ ብለው ያንብቡ።

ኞኪው ግማሽ ያህል ተርፎ ነበር። ዮናስ ለሚስቴ ልውሰድላት አለ። ማለዳ ከነድስቱ አሙቄ፣ ክዳኑን ገጥሜ በነጭ ጨርቅ አሰርኩለት። ላንቺ ደግሞ ስኳሩን፣ ሳሙናውንና ባዶውን ጆንያ በሌላ ነጭ ጨርቅ አሰርኩ። ሁለት ነጭ ጨርቅ፤ ሌላ ቀለም ጠፍቶ ነው? ሰኞ ጠዋት ዮናስ ደጅሽ ሲደርስ ዝናቡ ይወርድ ነበር። ሙዙ እንዳይበሰብስበት ሁለቱንም እሽግ አንቺ ዘንድ ጥሎ ገበያ ሮጠ። አንቺም ስኳር ነው ብለሽ ፈታሽው። ትናንሽ ነገር ሞልቶበት፣ ገና ሞቅ ብሎ። ዮናስ እኛ ቤት እንደሚበላ አታውቂ፣ እኔ የሠራሁትን እንደማልልክልሽ ታውቂያለሽ፣ ታዲያ ምን ትጠርጥሪ? በላሽ።

ዮናስ ሲመለስ በር ላይ ደንግጦ ቆመ። ያየውን እንዳየው ነው የነገረኝ። ግማሹ ተበልቷል። አንዷን ቁራጭ በሁለት ጣትሽ ይዘሽ ወደ እሳቱ አስጠግተሽ ታዪያት ነበር አለኝ፣ መስመሯን በአውራ ጣትሽ እየዳበስሽ። ከዚያ ክዳኑን አንስተሽ በጥፍርሽ መታ አደረግሽ። ጆሮሽን አስጠጋሽ። ከዚያ ክዳኑን አጠገብሽ አስቀመጥሽና ያቺን ቁራጭ በላሻት። ሌላም ጨመርሽ። እስኪያልቅ በላሽ። ጨርሰሽ ቀና ስትዪ ዮናስን አየሽውና ይሄን ማን ሠራው አልሽው። ያ ፈሪ ወንድሜ ምን ይበል? ኑሃሚን የምትማርበት ሆቴል ነው፣ ከሆቴል ነው አለሽ። እሺ አልሽ። ሆቴሉ ጥሩ ነው አልሽ።

እኔ ይህን ሁሉ አላወቅሁም። ሐምሌ 12 ቅዳሜ ዮናስ መጣና ያቺን ድስት አስረከበኝ። ጨርቁን ስፈታው በኮባ ቅጠል የተሸፈነ ቅቤ፣ እስከ አፉ ሙሉ። ቢጫ፣ የዝናብ ሣር የበላች ላም ቅቤ። እማ፣ በሃያ አራት ዓመት ውስጥ ዕቃ ተመላልሰን እናውቃለን? እኔ ባዶ እመልሳለሁ እንጂ አንቺ የምትመልሺው ነገር ከእኔ ሄዶ አያውቅም። ድስቱን አቅፌ ግቢው ውስጥ እንደ ሙሽራ ዞርኩ። ጎረቤት ምን አገኘሽ ይሉኛል። ዮናስ መልእክትሽንም ነገረኝ፤ ላቦካችው ሴት ንገሯት፣ እጇ ይባረክ፣ ጨው ግን ፈርታለች ብለሻል። ሳቄ አልቆም አለኝ። እኔ በዕድሜዬ ጨው ፈርቼ አላውቅም!

ደስታዬን ይዤ ወደ እማማ ዘቢደር ሮጥኩ፤ ደስ ይላቸዋል ብዬ ነዋ። ቅቤውን በጣታቸው ነክተው አሸተቱት። ከዚያ ዮናስ ከሆቴል ነው ማለቱን ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ። እንደዚያ ተቆጥተው አይቻቸው አላውቅም። ሰው ሳያውቅ ማብላት ስርቆት ነው፣ እኔ የማንንም እናት ደብቄ አላበላም አሉኝ። የእሷን ድንች ሳልጠይቅ በልቼ ኖሬ ይሆናል፣ እኔ ግን ድስት ስሸጥ ስንጥቁን ደብቄ አላውቅም፣ ጻፊላት አሉኝ። ዛሬ ነገ ስል ሳምንት አለፈ። በየቀኑ ጻፍሽ? ይሉኛል። እምቢ ብትል፣ ድንቹንም ማንጎው ሥር መቆሙንም ብትተው ምን ይውጠኛል? አልኳቸው። ብትተወውም ዐውቃ ትተወው አሉኝ።

ጋሽ ዳምጤ፣ በሩን አሁን ይክፈቱት። ጎሜ፣ የተጣሰ ነውር፣ ተደብቆ ሲቀመጥ ላም ያመክናል፣ ሰብል ያደርቃል፣ ሰው ፊት ሲነገር ነው የሚለቀው ብላ ያሳደገችኝ እሷው ናት። እርስዎ ምስክር ይሁኑኝ።

እማ፣ ሆቴል አይደለም። ቤቴ ነው። ያን ሊጥ ያቦኩት፣ መስመሩን ያወጡት፣ ጨውን የቆነጠሩት እማማ ዘቢደር ናቸው። ድስቱም የእሳቸው ነው። ጨርቁን ያሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ አውቄ አይደለም፤ ካወቅሁ በኋላ ግን ሳምንት ዝም ያልኩት አውቄ ነው። ሁለቱንም ይቅር በዪኝ። የበደልኩት የተወደደውን ያንቺን ቃል ነው። ሽማግሌ ጥሪ ካልሽ እጠራለሁ። ላሟ ባትወልድ፣ ደረትሽን ቢያምሽ፣ በእኔ ነው እንዳልል አሁን ወጣልኝ፤ እጄ ቀለለ፣ ይኸው ፊደሌም ተስተካከለ።

አሁን ደግሞ ያሰብነውን ልንገርሽ። ቅዳሜ ሐምሌ 26 ወደ ላይ እንመጣለን። ፍልሰታ ሳይገባ ብለን ነው። እኔ፣ ጋሻዬ፣ ኑሃሚን፣ እማማ ዘቢደርም። ዮናስ ጋቢና ውስጥ ቦታ ይዞላቸዋል። ለይቅርታ እርጥብ ሣር ይዘን ደጅሽ ላይ እንቆማለን፤ አንጠራሽም፣ አንኳኳም። ልታዪን ካልፈለግሽ ጋሽ ዳምጤን ብቻ ላኪልን፣ ቂም ሳንይዝ እንመለሳለን፣ ድንቹንም ብትተዪ አላኮርፍም። ከፈለግሽ ደግሞ ምንም አታዘጋጂ። ኑሃሚን ዱቄቱንም እንቁላሉንም ትይዛለች፣ እሳቱ ካለሽ፣ ድንቹ ካለሽ ይበቃናል። ልጅቷ ሳልመረቅ አያቴን አስተምራለሁ ብላ ትደነፋለች፤ አንቺን ኞኪ ማስተማር! መልስሽን እዚያው ስጫት።

እመቤቴ ማርያም ጉልበትሽን ታጽናልሽ። እጅሽ የዘራው ይብቀል፣ ጥጥሽ ሳይበጠስ ይፈተል፣ የልጅ ልጅሽን ልጅ አቅፈሽ ለመመረቅ ያብቃሽ። ለጋሽ ዳምጤም ዓይናቸውን ያብራላቸው፤ እስከዚህ ድረስ ካነበቡ ሳሙናው የእሳቸው ነው።

ደብዳቤውን ሳጥፍ እማማ ዘቢደር ምን ጻፍሽ ብለው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስነበቡኝ። ሰሙና እሺ አሉ፣ ሁሉም ልክ ነው አሉ። ጥቂት ቆይተው ግን አንድ ነገር ጠይቂልኝ አሉኝ። በእነዚያ መንደሮች ዕድሜዬን ሙሉ ድስት ይዤ ስዞር ደጅ ላይ መሬት ነው የምቀመጠው፣ አሁን ጉልበቴ መሬት አይችልም፣ የራሴን መቀመጫ ይዤ ልምጣ ወይስ ይገኛል? በያት አሉ።

እሱን ላንቺ ትቼዋለሁ። ዮናስ ረቡዕ ይመለሳል፤ መልስሽን በእሱ ላኪልኝ።

ልጅሽ